ሻለቃ ታደለና የአባቴ እሁዶች

ሻለቃ ታደለ ማረፉን የሰማሁት ወሎ ሰፈር፣ መንገድ ተዘጋግቶ በቆመ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። የቢሮ ባልደረባዬ ደውሎ «ራሄል፣ ሻለቃ አረፈ እኮ» አለኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ሐዘን አልነበረም። «አባዬ ሊያለቅስ ነው» ብዬ ነው ያሰብኩት። እናቴ የሞተች ጊዜ እንባውን ለሰው ያላሳየው አባቴ ለዚህ ሰው እንደሚያለቅስ ታወቀኝ። በሞተ ሰው ቀናሁ።

በሻለቃ ታደለ መቅናት የጀመርኩት ግን ያን ቀን አይደለም። ስሙ ራሱ ያስቀናኝ ነበር። ታደለ! ወላጆቹ ገና ሲወለድ ዕጣውን አይተው የሰየሙት ይመስለኝ ነበር።

ያገናኘችን አንዲት ትንሽ ሰው አልባ አውሮፕላን ናት። ከአትላስ ጀርባ በሚገኝ ሕንፃ ላይ አንድ ፎቅ ተከራይቶልን፣ የአየር ኃይሉና የምድር ጦሩ ሰዎች አንድ ላይ ተቀመጥን። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ሁለቱ ለየብቻ ከሚደክሙ ባለሙያቸውን አዋጥተው አንድ ዓይነት አውሮፕላን በጋራ ይሥሩ፤ መሣሪያ የማትይዝ፣ ከላይ ሆና መንገድና ወንዝ የምታይ፣ የጠፋ የምትፈልግ፣ የቆሰለ ሰው ያለበትን የምትጠቁም። ሁሉም ወደደው። ጣጣው የመጣው «አንድ ዓይነት» በሚለው ላይ ነው። አየሮቹ ረጅም ክንፍ ያላት፣ ከሜዳ ተንደርድራ የምትነሳ፣ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ላይ የምትውል ይፈልጋሉ። ምድሮቹ ሁለት ወታደሮች ተሸክመዋት ተራራ የሚወጡ፣ ሜዳ በሌለበት በእጅ ወርውረው የሚያስነሷት ይፈልጋሉ። አንዱን ስታስደስት ሌላው ያኮርፋል። እኔ ወታደር አይደለሁም፤ በአየሮቹ ወገን የተቀጠርኩ የክንፍ መሐንዲስ ነኝ። ኩርፊያው ሁሉ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ታደለን የላኩት ምድሮቹ ናቸው። ቀጠን ያለ፣ ጠይም፣ ከመቀመጡ በፊት ግራ ጉልበቱን በእጁ እሽት እሽት የሚያደርግ ሰው ነው። ሻይ ሲጠጣ ስኳሩ ከሻዩ የሚበልጥ ይመስላል። ሰው በገባ ቁጥር ከወንበሩ ይነሳል፤ ጄኔራል ቢገባም ይነሳል፣ ጽዳት የምትሠራው እትዬ ብትገባም ይነሳል። እኔ መጀመሪያ ላይ ማስመሰል መስሎኝ ነበር። ስጠብቅ ስጠብቅ አንድም ቀን ሳይነሳ ሲቀር አላየሁትም።

በመጀመሪያው ስብሰባ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ እግረኛ ነኝ፤ ስለ መብረር የማውቀው ቀና ብዬ ያየሁትን ብቻ ነው» አለ፤ ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ቀድሞ ሳቀ፣ ሰውም አብሮት ሳቀ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሐሳብ በቀረበ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ይህንን የሚሸከመው ማን ነው?»

አንድ ቀን ስብሰባው ስለ ክብደት ሆነ። አየሮቹ ሁለተኛ ካሜራና ትልቅ ባትሪ ይጨመርልን አሉ። እኔ ነገሩን አስልቼ ካቀረብኩ ቆይቼ ነበር። ክብደት ከጨመርክ ክንፉን ማስረዘም ግድ ነው፤ ክንፉ ሲረዝም አካሉን ማጠንከር ይመጣል፤ አካሉ ሲጠነክር ደግሞ ያው ክብደት ተጨመረ ማለት ነው፤ ማብቂያ የለውም። ይህንን ሳስረዳ ምላሴ ደርቋል። የአየሩን ወገን የሚመሩት ኮሎኔል ኮስታራ ሰው ናቸው፤ «ኢንጂነር፣ መላ መፈለጉ እኮ የአንቺ ሥራ ነው» እያሉ ያልፉኝ ነበር።

በስብሰባው መሐል መብራት ጠፋ፤ ሊፍቱም ቆመ። ታደለ ተነሳና «ጌታዬ፣ የአውሮፕላኗ ሣጥን ታች ነው ያለው። እርስዎና እኔ ብናወጣውስ?» አላቸው። ኮሎኔል «ሣጥን ተሸከም» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው ግን ትንሽ ካዩት በኋላ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉና ተከተሉት። እኛም ደረጃው ላይ ተሰበሰብን። ታደለ ለካ የካሜራውንና የባትሪውን ክብደት የሚያህል አሸዋ በከረጢት አስገብቶበት ኖሯል። ኮሎኔሉ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ግድግዳውን ተደገፉ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

«በቃ! በቃ አንተ ሰው፣ ገብቶኛል፤ ካሜራው ይቅር!»

ሁሉም አጨበጨበ። ታደለም ላቡን እየጠረገ «እኔ ምንም አልጨመርኩም፤ ኢንጂነር ራሄል ስትነግረን የከረመችውን ነው» አለ።

ሰዎቹ ወደ እኔ ዘወር ብለው ራሳቸውን ነቀነቁልኝና መልሰው እሱን ከበቡት። ምስጋናዬን ሰርቆኝ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ! በደንብ እጠላው ነበር። ይህ ሰው ግን የእኔን ለእኔ ይሰጠኛል፤ ሰው ደግሞ የሚወደው እሱን ነው።

ያን ሰሞን ማታ ማታ ዝናብ ነበር። አንድ ቀን በመኪናው ገርጂ ድረስ አደረሰኝ። አባቴ ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ይጠብቀኝ ስለነበር ወርዶ ሰላም አለው። አባቴ ሃምሳ አለቃ ገብሬ ዕድሜውን ሙሉ በአየር ኃይል የሄሊኮፕተር መካኒክ ሆኖ ያገለገለ ጡረተኛ ነው። ንግግር አይወድም። እኔ አውሮፕላን የተማርኩት እሱን ብዬ ነው። ልጅ ሆኜ ከሥራ ሲመለስ እጁ ላይ የሚቀረውን የዘይት ሽታ እወደው ነበር፤ ያን ሽታ ተከትዬ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ስመረቅ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ወዲያ «ኢንጂነሯ» ይለኛል፤ ልጄ ማለቱን ተወው።

ታደለን «ሻይ ሳትጠጣማ አትሄድም» ብሎ አስገባው። እግረኛ መሆኑን ሲሰማ ፈገግ አለ።

«እኛ ከላይ ስንበር እናንተ አቧራ ትቅሙ ነበር» አለው።

«አዎ አባባ። አንድ ጊዜ ግን እኔም በርሬያለሁ» አለ ታደለ። «ተመትቼ ነው። ጉልበቴን። ፀሐይ ላይ ተኝተን ብዙ ቆየን። አንዳንዱ ጓደኛዬ ዝም እያለ ነው። ከዚያ የሄሊኮፕተር ድምፅ ሰማሁ። አየር ላይ ሆኜ ደግሞ ያ ሞተር እንዳያቋርጥ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። አላቋረጠም። ታዲያ ሆስፒታል ተኝቼ ሁልጊዜ የማስበው ስለ አብራሪው አልነበረም። ይህችን ሄሊኮፕተር ጠዋት ተነስቶ ያዘጋጃት ሰው ማን ይሆን እል ነበር። ቁርሱን በልቶ ይሆን? እላለሁ። ሰውየውን አላውቀውም። እርስዎን ካገኘሁ ግን እርስዎን ላመስግን።»

ተነስቶ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመው።

አባቴ ብርጭቆውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። በመጨረሻ «የእኛ ሥራ ካልተበላሸ ማንም አያስበውም፣ ልጄ» አለው።

ልጄ አለው! ገና ሻዩን ሳይጨርስ!

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ በዚህ ቤት ውስጥ አድጌ፣ በዚህ ሰው እጅ ሽታ ዕድሜዬን መርጬ፣ እንዲህ ማለት ለምን አልመጣልኝም? ያን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ይዤው ዞርኩ። መልሱን ሳጣ በታደለ ተናደድኩ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ መምጣት ጀመረ። ከቅዳሴ መልስ ብቅ ይላል፣ እስከ ከሰዓት ይቀመጣል። አንዳንዴ የተበላሸ ራዲዮ ፈተው መሐላቸው ያስቀምጡና ሳይነኩት ያወራሉ። አባቴ ሲስቅ ከወጥ ቤት እሰማለሁ። እኔ ምሳ ይዤ ስገባ ዝም ይላሉ፤ አባቴም «አይ ኢንጂነሯ፣ ተይው እኛ እናቀርባለን» ይላል። እኛ! አንድ እሁድ ታደለ ሳይመጣ ሲቀር ደስ ብሎኝ ከአባቴ ጋር ተቀመጥኩ። ስለ ክንፉ ላጫውተው ጀመርኩ። እሱ በየመሐሉ መስኮቱን ያያል። «ታሞ ይሆን እንዴ?» አለኝ። ተነስቼ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።

ፕሮጀክቱ ሊፈርስ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። የሁለቱም ወገን አለቆች ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ካልተስማሙ ሁሉም የየራሱን ይዞ ሊሄድ ነው። እኔ ብዙ የደከምኩበትን ሐሳብ አቀረብኩ። አውሮፕላኗ አንድ፣ ሞተሯ አንድ፣ መለዋወጫዋ አንድ ይሁን፤ ክንፏ ግን ከጫፉ የሚገጠምና የሚነቀል ይሁን። አየሮቹ ገጥመው ያስረዝሙት፣ ምድሮቹ ነቅለው ያሳጥሩት። መገጣጠሚያው ኃይሉን እንዴት እንደሚችለው በሥዕል አሳየሁ። ስጨርስ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞረው ወደ ታደለ ነው።

«አንተ ምን ትላለህ ሻለቃ?» አሉት የምድሮቹ አለቃ።

«እሷ ካለችው በላይ የምለው የለኝም ጌታዬ። ወታደሮቼ ይህችን ይሸከሟታል።»

በዚያ ቃል ተስማሙ። እዚያው ደግሞ ሥራውን የሚያስተባብር አንድ ሰው ይኑር ተባለና እሱ ተሾመ። ኮሎኔሉ ራሳቸው ናቸው የጠቆሙት፤ የእኔው አለቃ!

ወደ መታጠቢያ ቤት ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ያንቺ ቦታ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ተቀበልክ?»

«ትእዛዝ ነው፣ ራሄል። ከስብሰባው በፊት ለአለቆቹ ብጠቁምሽም አልሰሙኝም። ሲቪል ናት አሉ።»

«ጠቁመኸኝ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ።»

«አመሰግናለሁ» ማለት አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። «እሁድ አባዬ ይጠብቅሃል» ብዬው ሄድኩ።

አውሮፕላኗ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው ከአያት አለፍ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት ነበር፤ ሣሩ ጤዛ ይዟል። በአንድ በኩል አየሮቹ፣ በሌላ በኩል ምድሮቹ ቆመዋል። የአውሮፕላኗን ክንፍ እየፈተሽኩ ቀና ስል አባቴን አየሁት። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከታደለ አጠገብ ቆሟል። ፈቃድ ጠይቆ ያመጣው ታደለ ነው። እኔ ፈቃድ ይሰጣል ብዬ አልገመትኩም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን መጠየቁም ትዝ አላለኝም።

መጀመሪያ አጭር ክንፏን ይዛ አንድ ወታደር ሮጦ ወረወራት። ትንሽ ዝቅ አለች፤ ከዚያ ቀና ብላ ወጣች። ከወረደች በኋላ ጫፎቹን ገጠምንላትና ሜዳውን ተንደርድራ ተነሳች። ድምፅዋ እስኪጠፋ ወጣች። ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ጮኸ። ባርኔጣ ወደ ላይ ተወረወረ፤ የአየሩ የቱ የምድሩ የቱ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። እኔ እንባዬ እየወረደ ወደ አባቴ ሮጥኩ። ስደርስ ታደለን አቅፎት ጀርባውን ይመታዋል። «ጎበዝ! ጎበዝ የእኔ ልጅ!» ይለዋል።

«ኧረ አባባ፣ የሠራችውስ እሷ ናት!» አለና ታደለ ከእቅፉ ወጥቶ ወደ እኔ ገፋው።

አባቴ ግራ እንደገባው ሰው ቆመ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት።

ሥራው ሰመረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ታደለ ድንገት አስተባባሪነቱን ልተወው ብሎ አመለከተ፤ በምትኩ የእኔን ስም ሰጠ፤ በዚህ ጊዜ ሰሙት። የቢሮውን ቁልፍ ሲያስረክበኝ ከስቶ ነበር። «ደክሞኛል፤ ትንሽ ልረፍ» አለኝ። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬም ሰው «በሻለቃ ጊዜ እኮ» እያለ ሲጀምር በሳቅ አሳልፈው ነበር። ይቅር፣ ወንበሩ የእኔ ነው እላለሁ። እሁድ እሁድ እኛ ቤት መምጣቱን ግን አልተወም። አባቴ ደግሞ በሳምንቱ መሐል እድር አለብኝ፣ ጓደኛ ልጠይቅ እያለ መውጣት ጀምሮ ነበር።

ያ ስልክ የተደወለልኝ ዕለት ከታክሲው ወርጄ በእግሬ ትንሽ ሄድኩ፤ ከዚያ ሌላ መኪና ይዤ ገርጂ ደረስኩ። በመንገድ ላይ አባቴን እንዴት እንደማረዳው ሳስብ ነበር። በሩን ስከፍት ጥቁር ልብሱን ለብሶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሰምተሃል?»

«ሚስቱ ደወለችልኝ። ጠዋት።»

ከእኔ በፊት! እኔ አብሬው የሠራሁት ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ሳልሰማ፣ እሱ ጠዋት ሰምቷል።

«ምን ነካው? ባለፈው እሁድ ደህና አልነበረም?»

«ጉበቱ ነው። ዓመት አልፎታል። ሐኪም ቤት አብሬው እሄድ ነበር።»

«እድር ነው ያልከኝ!»

«ለማንም እንዳልናገር ለምኖኛል፤ ልጆቹም አልሰሙም ነበር።»

እዚያው ቆሜ የያዝኩትን ቦርሳ መሬት ላይ ጣልኩት። ሰው በሞተበት ቀን የማይጠየቅ ጥያቄ መሆኑን እያወቅኩ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የምትወደው?»

አባቴ ወለሉን እያየ «እሱ ያየውን እኔም አይቻለሁ። ጦር ሜዳ የሞቱብን ልጆች አሉ። ያንን ለልጅ አያወሩትም» አለ።

«ሌላውንስ? ለእኔ የሚወራ ምንም የለህም?»

«ራሄል» አለኝ፤ በስሜ ከጠራኝ ስንት ጊዜው! «አንቺን ስወድሽ እፈራለሁ። እሱን ስወደው አልፈራም ነበር።»

«ምኑን ነው የምትፈራው?»

«ጃኬቴን አቀብዪኝ። እንሂድ፤ ድንኳኑ ተተክሏል።»

አቀበልኩት። እጅጌው አልገባ ሲለው አለበስኩት።

ድንኳኑ የተተከለው ሰሚት፣ እነ ታደለ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። መንገዱን ሞልቶ ሰው ቆሟል። የአየሩም የምድሩም መለዮ አለ፤ ኮሎኔሉ ከተራ ወታደሮች መሐል ገብተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። አባቴን እንደ ቤተ ዘመድ ወደ ውስጥ ወሰዱት። የታደለ ሚስት ስታየው «አባባ!» ብላ ጮኸች። እኔ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ወደ ኋላ ተቀመጥኩ። እዚያም ሆኜ ዓይኔ አባቴን ነው የሚከተለው፤ ያለቅሳል፤ ሳይደብቅ ያለቅሳል።

አንዲት ልጅ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትመስላለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ መልኳ ቁርጥ ታደለን።

«ራሄል ማለት አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እኔ ማህሌት ነኝ። ልጁ።»

ልነሳ ስል በእጇ ከለከለችኝ። ደረቅ ብላ አየችኝ።

«አባቴ ስለ አንቺ ያወራ ነበር። ሒሳብ ሲከብደኝ 'ራሄል ብትሆን አትተወውም' ይለኛል። ፈተና ሳልፍ 'እንደ ራሄል ልትሆኚ ነው' ይለኛል። እሁድ አንድ ቀን ነው ከእኛ ጋር የሚውለው፤ እሱንም እናንተ ቤት መሄድ ጀመረ። አልወድሽም ነበር።»

የቀረቡን ሴቶች ደንግጠው ዘወር አሉ። አንዷ «ኧረ ልጄ፣ ነውር ነው!» አለቻት። ልጅቷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። እንዳታለቅስ ከንፈሯን ነክሳለች። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ክፍሌ ውስጥ ስንት ጊዜ ይዤው ቆሜያለሁ።

«እኔም አባትሽን አልወደውም ነበር» አልኳት።

አፏ ተከፈተ። ከዚያ ሳቅ አመለጣት፤ እኔንም አመለጠኝ፤ ሳቁ ሳያልቅ ሁለታችንም ስቅስቅ ብለን ማልቀስ ጀመርን። ታደለ ከሞተ ወዲህ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ጠጋ አልኩላትና ጎኔ ተቀመጠች። ነጠላዋን ይዛ ፊቷን ጠረገች።

«እናንተ ቤት ሲመጣ ምን ያደርግ ነበር?» አለችኝ።

ምንም አላውቅም ልላት ነበር፤ እኔማ ወጥ ቤት ነበርኩ ልላት ነበር። ግን ሁሉንም አውቀዋለሁ። ምን እንዳለ፣ መቼ እንደሳቀ፣ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ፣ ሲሰናበት — በቅናት ሳየው ስለኖርኩ እንደ እኔ ያየው ሰው የለም።

«ከመጀመሪያው ቀን ልንገርሽ?» አልኳት።

«ሁሉንም» አለችና ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች።